ይህ ተክል በእርግጥ ዲቃላ ነው? መልክና ክሮሞዞም የሚሰጡት ማስረጃ

ሁለት የተክል ዝርያዎች ተዳቅለው ዘር ሲያዝ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ገና ነው። ከዚያ ዘር የበቀለው ችግኝ እውነተኛ ዲቃላ ሊሆን ይችላል፤ የእናቱ ግልባጭ ሊሆንም ይችላል፤ ነፋስ ወይም ንብ ያመጣው የሌላ አባት ልጅም ሊሆን ይችላል። በዱር የሚገኝ የሁለት ዝርያ ድብልቅ የሚመስል ተክልም ጥርጣሬው ያው ነው። አንድ ዝርያ ብቻውን በጥላና በፀሐይ ሲበቅል የሚያሳየው የቅጠል ልዩነት አንዳንዴ ሁለት ዝርያዎችን ከሚለየው ይበልጣል። «ዲቃላ» የሚለው ስም አንዴ በችግኝ መለያ ላይ ከተጻፈ ደግሞ ስሕተቱ ከችግኙ ጋር እየተባዛ ይሄዳል፤ ዓመታት የሚፈጅ የማሻሻያ ሥራም በተሳሳተ ወላጅ ላይ ይመሠረታል።

ማስረጃው በሁለት በኩል ይመጣል፤ አንዱ ከሚታየው መልክ፣ ሌላው በሕዋስ ውስጥ የዘር መመሪያውን ከተሸከመው ክር፣ ከክሮሞዞም። የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይተካም። ሁለቱም ዋጋ የሚኖራቸው ደግሞ ወላጆቹ አጠገብ ሲኖሩ ነው። ወላጆቹን ሳይመረምሩ የተጠረጠረውን ተክል ብቻ መመርመር ምንም አያረጋግጥም።

ዲቃላ የሚባለው የትኛው ነው?

በዘረመል የሚለያዩ ሁለት ወላጆች ልጅ ዲቃላ ይባላል። ወላጆቹ የአንድ ዝርያ ልዩ ልዩ ዓይነቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዲቃላ የበቆሎ ዘር እንዲህ ነው። በዚህ ጊዜ የክሮሞዞም ቆጠራ አይጠቅምም፤ ሁለቱም የበቆሎ ወላጆች 20 ክሮሞዞም አላቸው፣ ልጃቸውም 20 ነው። እዚያ የሚያዋጣው ዘሩን ዘርቶ መልኩን ከወላጆቹ ጋር ማስተያየትና የዲኤንኤ ምልክቶችን ማየት ነው። እዚህ የምናተኩረው በሁለተኛው ዓይነት፣ ማለትም በተለያዩ ዝርያዎች መካከል በተገኘ ዲቃላ ላይ ነው።

ሰው ሆን ብሎ አዳቅሎ እንዳገኛቸው ከተመዘገቡት ቀደምት ዲቃላዎች አንዱ የዚህ ዓይነት ነበር። የለንደኑ አትክልተኛ ቶማስ ፌርቻይልድ በ1717 ገደማ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ካርኔሽን የተባለውን አበባ ስዊት ዊልያም ከሚባለው ዘመዱ ጋር አዳቀለ። ልጁ የሁለቱን መልክ ይዞ ወጣ፤ ዘር ግን አልሰጠም። ሰዎችም «የፌርቻይልድ በቅሎ» አሉት። መካንነቱ ከየት እንደመጣ የታወቀው ክሮሞዞም በማይክሮስኮፕ መታየት ከጀመረ በኋላ ነው።

ሐሰተኛ ዲቃላ ከየት ይመጣል?

በጣም የተለመደው ምክንያት እናቲቱ በራሷ ብናኝ መፀነሷ ነው። አበባው ወንዴና ሴቴ አካልን በአንድነት የያዘ ከሆነ፣ አዳቃዩ የብናኝ ከረጢቶቹን ከመሰንጠቃቸው በፊት በወረንጦ ነቅሎ ማውጣት አለበት። አበባው እስኪፈካ ከጠበቀ በብዙ ተክሎች ጊዜው አልፏል፤ ከረጢቱ ገና እምቡጡ ውስጥ እያለ ተሰንጥቆ ብናኙን በትኗል። ስለዚህ ነቀላው የሚከናወነው አብዛኛውን ጊዜ አበባው ከመፍካቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ነው። እምቡጡ ወዲያው በወረቀት ከረጢት ይሸፈናል፤ የአባትየው ብናኝ ከተደረገበት በኋላም ተመልሶ ይሸፈናል። ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ሲታለፍ ወረንጦው በአልኮል ካልተጠረገ ጫፉ ላይ የቀሩት ጥቂት ብናኞች ድካሙን ሁሉ ያበላሹታል።

ሁለተኛው ምንጭ ረቀቅ ያለ ነው። በብርቱካንና በዘመዶቹ፣ በአንዳንድ የማንጎ ዓይነቶችም፣ በአንድ ዘር ውስጥ ከአንድ በላይ ፅንስ ይገኛል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በቀጥታ ከእናቲቱ አካል የበቀሉ ናቸው፤ ከአባት የወሰዱት ነገር የለም። አበባው ተዳቅሏል፣ ዘሩም ተይዟል፤ ችግኙ ግን እናቲቱ ራሷ ናት።

ሦስተኛው ደግሞ መፀነሱ በትክክል ተፈጽሞ ዲቃላነቱ የሚጠፋበት ነው። ገብስ ሆርዴየም ቡልቦሰም ከተባለው የዱር ዘመዱ ጋር ሲዳቀል ፅንሱ መጀመሪያ የሁለቱንም ክሮሞዞሞች ይይዛል፤ ሕዋሶቹ በተከፋፈሉ ቁጥር ግን የዱሩ ክሮሞዞሞች እየተንጠባጠቡ ይጠፋሉ። ካሻና ካኦ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970 እንዳሳዩት መጨረሻ ላይ የሚቀረው 7 ክሮሞዞም ብቻ ያለው፣ የገብስን ግማሽ የያዘ ተክል ነው። ስንዴ በበቆሎ ብናኝ ሲዳቀልም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። አዳቃዮች ይህን ባሕርይ ወጥ የዘር መስመር ለማውጣት ይጠቀሙበታል፤ ዲቃላ ለሚፈልግ ሰው ግን ወጥመድ ነው።

የትኛው መልክ ነው የሚመዘነው?

ቁመት፣ የቅጠል ስፋትና የፍሬ ክብደት ደካማ ምስክሮች ናቸው፤ አፈርና ውኃ ይቀያይሯቸዋል። ጠንካራዎቹ በአንዱ ወላጅ ውስጥ የማይለዋወጡ፣ በሁለቱ ወላጆች መካከል ግን በግልጽ የሚለያዩ ባሕርያት ናቸው፦ በግንድና በቅጠል ላይ ያለ ጸጉር መኖሩና ዓይነቱ፣ የቅጠል ጠርዝ፣ የአበባ ክፍሎች ቁጥርና አቀማመጥ፣ የዘር ገጽ፣ የአበባ ዘለላ አወጣጥ። ምርጫው ከወላጆቹ ይጀምራል። ከእያንዳንዱ ወላጅ ቢያንስ አሥር ያህል ተክል፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ወቅትና በተቀራራቢ ዕድሜ ይለካል። የሚመዘገበው አማካዩ ብቻ አይደለም፤ ትንሹና ትልቁ ልክም ይመዘገባል። የሁለቱ ወላጆች ልክ ተደራርቦ ከተገኘ ያ ባሕርይ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ እንዲህ ያለው ባሕርይ ስለ ልጁ የሚናገረው የለም።

ከዚያ ነጥብ ይሰጣል። አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኤድጋር አንደርሰን በ1930ዎቹ ያስፋፋው ዘዴ ቀላል ነው፦ አንዱን ወላጅ የሚመስል ባሕርይ 0፣ ሌላውን የሚመስል 2፣ መካከለኛው 1 ያገኛል፤ ሁሉም ይደመራል። አሥር ባሕርያት ቢመዘኑ ንጹሕ ወላጆቹ በ0ና በ20 አካባቢ ይቀመጣሉ፤ የመጀመሪያው ትውልድ ዲቃላ ብዙ ጊዜ ወደ መሐል ይወድቃል። ከአንዱ ወላጅ ጋር ተመልሶ የተዳቀለ ተክል ደግሞ ወደዚያ ወላጅ ያዘነብላል።

በዚህ ሥራ እስከ ዛሬ ከሚጠቀሱት ምርጥ ምሳሌዎች አንዱ ሙዝ ነው። የምንበላቸው የሙዝ ዓይነቶች አብዛኞቹ ሙሳ አኩሚናታ ከተባለው የዱር ሙዝ ብቻ፣ ወይም ከእርሱና ሙሳ ባልቢሲያና ከተባለው ዘመዱ የመጡ ናቸው። ሲሞንድስና ሼፐርድ በ1955 ይህን ለመለየት 15 ባሕርያትን መረጡ፤ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጡ። ስለዚህ ንጹሕ አኩሚናታ 15፣ ንጹሕ ባልቢሲያና 75 ያገኛል፤ ዲቃላዎቹ በመካከል ይሰለፋሉ። ባሕርያቱን ቀረብ ብሎ ማየት ያስተምራል። የአኩሚናታ የቅጠል እጀታ ጉድጓድ ወደ ላይ ክፍት ነው፤ የባልቢሲያና ጠርዞቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ይዘጉታል። የአበባውን ዘለላ የሚሸከመው ዘንግ በአኩሚናታ ጸጉራም፣ በባልቢሲያና ልሙጥ ነው። አበባውን የሚሸፍነው ሐምራዊ ቅጠል በአኩሚናታ ከተከፈተ በኋላ ወደ ኋላ ይጠቀለላል፤ በባልቢሲያና ይነሣል እንጂ አይጠቀለልም። ገና ያልበሰለውን ፍሬ አግድም ቢቆርጡት የዘር እንቁላሎቹ በአኩሚናታ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ረድፍ ሠርተው፣ በባልቢሲያና ደግሞ አራት ያህል ያልተስተካከለ ረድፍ ይዘው ይታያሉ።

ይህ ሁሉ ግን የማይመልሰው ጥያቄ አለ። ከአኩሚናታ ብቻ የመጣ ሙዝ ሁለት የክሮሞዞም ስብስብ ይኑረው ሦስት፣ ነጥቡ ያው ወደ 15 የተጠጋ ነው። አንዱ 22፣ ሌላው 33 ክሮሞዞም እንዳለው የሚታወቀው በቆጠራ ብቻ ነው።

ዲቃላ ሁልጊዜ መካከለኛ ነው?

አይደለም። በጣም ተስፋፍቶ ያለው የተሳሳተ ግምት ይህ ነው። አንዳንዱ ባሕርይ በእርግጥ መካከለኛ ይሆናል፤ አንዳንዱ አንዱን ወላጅ ብቻ ይመስላል፤ ጥቂቱ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል ወይም ያንሳል። ሩሲያዊው ጌዎርጊ ካርፔቼንኮ በ1920ዎቹ ፍጅልንና ጥቅል ጎመንን አዳቅሎ ያገኘው ተክል የዘር ቀፎው ከፊሉ ፍጅል፣ ከፊሉ ጎመን ይመስል ነበር፤ የሁለቱም መልክ ሳይቀላቀል ጎን ለጎን ተቀምጦ።

አንዱ ወላጅ የሚያሸንፍበት ባሕርይ በተገቢው ቦታ ከዋለ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። ፖንሲረስ የተባለው የብርቱካን ዘመድ ቅጠሉ ሦስት ክፍል ነው፤ ይህም ባሕርይ በዲቃላው ላይ ይገለጣል። ብርቱካን እናት፣ ፖንሲረስ አባት ሆኖ ሲዳቀሉ፣ ሦስት ክፍል ቅጠል ያወጣው ችግኝ ዲቃላ ነው፤ ነጠላ ቅጠል ያወጣው የእናቲቱ ግልባጭ ነው። ችግኙ ገና ጥቂት ቅጠል እያለው ምርጫው ያልቃል። የብርቱካን ዘመዶች አብዛኞቹ እኩል 18 ክሮሞዞም ስላላቸው ቆጠራ እዚህ አይረዳም፤ ቅጠሉ ግን ይናገራል። አቅጣጫው ከተገለበጠና ፖንሲረስ እናት ከሆነ ግን ምልክቱ ዋጋ ያጣል፤ ግልባጩም ዲቃላውም ሦስት ክፍል ቅጠል ይኖራቸዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጠቋሚ ባሕርይ ያለው ወላጅ ሁልጊዜ በአባትነት ይመረጣል።

በመልክና በክሮሞዞም መካከል ድልድይ የሚሆን ቀላል ምርመራም አለ። የክሮሞዞም ስብስብ ሲበዛ ሕዋሱ ስለሚተልቅ የቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳዎችም ይረዝማሉ። የቅጠሉ ጀርባ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ይቀባል፤ ሲደርቅ በግልጽ ፕላስተር ተላጦ በስላይድ ላይ ይለጠፋል፤ በ400 እጥፍ ማጉላት 30 ያህል ቀዳዳ ይለካል። ወላጆቹም በዚያው ቀን፣ በተመሳሳይ ዕድሜ ካለ ቅጠል ይለካሉ። ውጤቱ ፍንጭ ነው፤ የትኛው ችግኝ ለቆጠራ ይቅደም የሚለውን ለመወሰን ይበቃል።

የክሮሞዞም ቆጠራ ምን ያረጋግጣል?

ክሮሞዞም የተክሉን የዘር መመሪያ የተሸከመ፣ ሕዋስ ሲከፋፈል ተጠቅልሎ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ክር ነው። እንደ ባለ ብዙ ጥራዝ መጽሐፍ ይታሰብ። እያንዳንዱ ወላጅ አንድ ሙሉ የጥራዝ ስብስብ ያወርሳል፤ ንጹሕ ዝርያ የአንዱን መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ይይዛል፣ ዲቃላ ግን የሁለት የተለያዩ መጻሕፍትን አንዳንድ ቅጂ ይይዛል። ጥራዞቹን መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ ሦስተኛው ጥራዝ ጥንዱን ያገኛል ወይ ብሎ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ያስፈልጉናል።

ቆጠራ በጣም የሚጠቅመው የወላጆቹ ቁጥር ሲለያይ ነው። አረቢካ ቡና 44፣ ሮቡስታ ቡና 22 ክሮሞዞም አላቸው። ከአረቢካ 22፣ ከሮቡስታ 11 ሲመጣ ዲቃላው 33 ይሆናል። ከአረቢካ እናት የተገኘ ችግኝ 33 ከተቆጠረበት የእናቱ ግልባጭ እንዳልሆነ አከራካሪ አይደለም። ጥቅል ጎመን 18፣ ተርኒፕ የተባለው ዘመዱ 20 አላቸው፤ ልጃቸው 19 ይሆናል፣ ያም በእጥፍ ሲያድግ ካኖላ የተባለው የዘይት ሰብል ቁጥር 38 ይመጣል።

ቁጥር ብቻውን ግን ያታልላል። የዳቦ ስንዴ 42፣ አጃ መሰሉ ራይ 14 ክሮሞዞም ስላላቸው ዲቃላቸው 28 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የማካሮኒ ስንዴ መደበኛ ቁጥር ነው። የማካሮኒ ስንዴና የራይ ዲቃላ ክሮሞዞሙ በእጥፍ ሲያድግ ትሪቲካሌ የተባለው ሰብል ይገኛል፤ እርሱም 42 ነው፣ ልክ እንደ ዳቦ ስንዴ። በቲሞር ደሴት በ1920ዎቹ የተገኘው የአረቢካና የሮቡስታ የተፈጥሮ ዲቃላም 33 ሳይሆን 44 ክሮሞዞም አለው። የቡና ቅጠል ዝገትን ለሚቋቋሙ ብዙ ዓይነቶች ወላጅ የሆነው ይህ ዛፍ በቁጥር ብቻ ቢዳኝ «አረቢካ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ከስር ጫፍ እንዴት ይቆጠራል?

ናሙናው በፍጥነት የሚያድግ፣ ነጭ፣ ጤናማ የስር ጫፍ ነው። ዘሩ በእርጥብ ወረቀት ላይ ሲበቅል ወይም ችግኙ ከማሰሮው ሲነሣ ከአፈሩ ዳር የሚታየው ስር፣ ከጫፉ 1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል። የቡናማነት ምልክት ያሳየ ስር ይጣል፤ በውስጡ የሚከፋፈል ሕዋስ አይገኝም። ለብዙ ተክሎች ጠዋት ጥሩ ሰዓት ነው፤ ለአዲስ ዝርያ ግን በየሰዓቱ ቆርጦ መፈተሽ ይሻላል።

ቀጥሎ ሕዋሱ በክፍፍሉ መሐል፣ ክሮሞዞሞቹ አጥረው ሲታዩ እንዲቆም ይደረጋል። ለእህል ሰብሎች በረዶ የተጨመረበት ውኃ ውስጥ 24 ሰዓት ማቆየት ይበቃል። ለትናንሽ ክሮሞዞሞች 8-ሃይድሮክሲኩዊኖሊን ተመራጭ ነው፦ በአንድ ሊትር ውኃ 0.29 ግራም፣ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት። 0.05 ከመቶ ኮልቺሲንም ይሠራል፤ መርዛማ ስለሆነ ግን ያለ ጓንት አይነካም።

ከዚያ ስሩ ሦስት እጅ ኢታኖልና አንድ እጅ ንጹሕ አሴቲክ አሲድ በተቀላቀለበት ፈሳሽ ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል። ድብልቁ በዚያው ቀን የተዘጋጀ መሆን አለበት፤ ካደረ አልኮሉና አሲዱ እርስ በርስ ተዋሕደው ኃይሉ ይቀንሳል፣ ክሮሞዞሞቹም ደብዝዘው ይወጣሉ። ለማቆየት ወደ 70 ከመቶ ኢታኖል ተዛውሮ በ4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል።

ለማቅለም ስሩ ታጥቦ በ60 ዲግሪ በሞቀ፣ የጥንካሬው መጠን አንድ ኖርማል በሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይነከራል። ይህ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ሕዋሶቹን ያያያዘውን ሙጫ ያላላል፣ ዲኤንኤውንም ለሺፍ ማቅለሚያ ያዘጋጃል። ከዚያ በጨለማ በሺፍ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ሲቆይ ከጫፉ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትሩ ደማቅ ሐምራዊ ይሆናል። የሚፈለገው ያ ብቻ ነው፤ የቀረው ተቆርጦ ይጣላል፣ ከስላይዱ ላይ ከቀረ ሽፋን መስታወቱን ከፍ አድርጎ ይይዛል።

ሐምራዊው ጫፍ በአንድ ጠብታ 45 ከመቶ አሴቲክ አሲድ ላይ ይቀመጣል፣ በሽፋን መስታወት ይከደናል፣ በመርፌ እጀታ ቀስ እየተባለ ይመታል፤ ሕዋሶቹ ይበታተናሉ። መጨረሻ ላይ በተጣጠፈ ማጣሪያ ወረቀት ውስጥ ተደርጎ በአውራ ጣት በቀጥታ ወደ ታች ይጫናል። አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ሽፋን መስታወቱ ትንሽ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሕዋሶቹ ይጠቀለላሉ ወይም ይቀደዳሉ። አቧራ ካለበት ደግሞ የቱንም ያህል ቢጫኑት አይስተካከልም።

ቆጠራው የሚሳሳተው በምን ምክንያት ነው?

የተቀደደ ሕዋስ ክሮሞዞም ጥሎ ስለሚሄድ ቁጥሩ ያንሳል፤ የተደራረቡ ሁለት ክሮሞዞሞች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በተቃራኒው፣ አንዳንድ ክሮሞዞም ጫፉ ላይ በቀጭን ክር የተንጠለጠለ ቅንጣት አለው፤ ክሩ ካልታየ ቅንጣቱ ራሱን የቻለ ክሮሞዞም ይመስላል። በራይና በበቆሎ ደግሞ ቢ ክሮሞዞም የሚባሉ፣ በአንዳንዱ ተክል ኖረው በሌላው የማይኖሩ ትርፍ ክሮሞዞሞች አሉ። ቅድመ ዝግጅቱ ከረዘመ በኮልቺሲን የቆዩ አንዳንድ ሕዋሶች እጥፍ ቁጥር ያሳያሉ፤ በጤናማ ስር ውስጥም እንዲህ ያሉ ሕዋሶች አልፎ አልፎ ይገኛሉ።

ስለዚህ አንድ ያማረ ሕዋስ አይበቃም። በደንብ የተዘረጉ ቢያንስ 10፣ ቢቻል 20 ሕዋሶች፣ ከአንድ በላይ ስር፣ በ1000 እጥፍ ማጉላት ይቆጠራሉ፤ የተቆጠረው ሁሉ ይመዘገባል። የሚታመነው ቁጥር በብዙዎቹ ሕዋሶች የተደጋገመው ነው።

የወላጆቹ ቁጥር እኩል ከሆነስ?

ያኔ ቅርጽ ይታያል። የእያንዳንዱ ክሮሞዞም ርዝመት ይለካል፤ ሁለቱ ክንዶቹ የሚገናኙበት ጠባብ ወገብ የት እንዳለ ይታያል። ረጅሙ ክንድ ለአጭሩ ሲካፈል እስከ 1.7 ከመጣ ወገቡ መሐል አካባቢ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ወደ ጫፍ እየሸሸ ነው። በንጹሕ ዝርያ እያንዳንዱ ቅርጽ አምሳያ አለው። በዲቃላው ግን ከአንዱ ወላጅ የመጣ ትልቅ ክሮሞዞም ብቻውን ቆሞ ሊታይ ይችላል፤ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሚካኤል ናቫሺን ክሬፒስ በተባሉ ዕፅዋት ላይ እንዳስተዋለው፣ በዲቃላ ውስጥ የአንዱ ወላጅ ክሮሞዞም ተንጠልጣይ ቅንጣቱን የሚለየው ጥበት ሊጠፋ ይችላል። ክሮሞዞሙ አለ፤ በዚያ ቦታ ያሉት ዘረመሎች ሥራ ስላቆሙ ነው መልኩ የተለወጠው። ይህን የማያውቅ መርማሪ «የአባትየው ምልክት የለም» ብሎ እውነተኛ ዲቃላ ይጥላል።

እምቡጡ ውስጥ ምን ይታያል?

ስር የሚያሳየው የትኞቹ ክሮሞዞሞች እንዳሉ ነው። ዝምድናቸውን የሚያሳየው ብናኝ የሚሠራበት ክፍፍል፣ ሚዮሲስ ነው። በዚህ ክፍፍል እያንዳንዱ ክሮሞዞም አምሳያውን ፈልጎ ይጣመራል፤ የሚመስለውን ያላገኘ ብቻውን ይቀራል።

ናሙናው ትንሽ እምቡጥ ነው፤ ከጥቃቅኑ እስከ መካከለኛው የተለያየ መጠን ያላቸው ይወሰዳሉ፣ ምክንያቱም የሚፈለገው ደረጃ የሚገኘው በጠባብ የመጠን ክልል ነው። በዚያው የኢታኖልና የአሴቲክ አሲድ ድብልቅ ይቀመጣሉ። ከዚያ አንድ የብናኝ ከረጢት አሴቶካርሚን በተባለ ማቅለሚያ ጠብታ ውስጥ በብረት መርፌ ይፈረከሳል። መርፌው ብረት የሆነው በምክንያት ነው፤ ከብረቱ የሚሟሟው ጥቂት ቅንጣት ቀለሙን ያደምቃል፣ ሲበዛ ግን ቀለሙን አርግቶ ስላይዱን ያጠቁረዋል። ብናኙ ተሠርቶ ካለቀ እምቡጡ ትልቅ ነው፤ ሕዋሶቹ ገና ትናንሽና የተጠጋጉ ከሆኑ ወደ ተለቅ ያለው ይኬዳል።

በካርፔቼንኮ ዲቃላ 9 የፍጅልና 9 የጎመን ክሮሞዞሞች በአብዛኛው ሳይጣመሩ 18ቱም ነጠላ ሆነው ይታዩ ነበር። ወዴትም የሚመራቸው ስለሌለ በዘፈቀደ ተከፋፈሉ፤ ብናኙም መካን ሆነ። አልፎ አልፎ ግን 18ቱንም ይዘው የቀሩ የዘር ሕዋሶች ተገናኝተው 36 ክሮሞዞም ያለው ተክል ሰጡ፤ በእርሱ ውስጥ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ጥንዱን ስላገኘ ዘር ሰጠ።

በዲቃላ ሌሎች ምልክቶችም ይፈለጋሉ፦ ሌሎቹ ወደ ሁለቱ ዋልታ ሲሄዱ መሐል የቀሩ ክሮሞዞሞች፣ በሁለቱ ወገን መካከል የተዘረጋ ድልድይ፣ ክሮሞዞሞቹን ከያዘው የሕዋስ እምብርት፣ ከዋናው ኒውክለስ ውጪ የቀሩ ትናንሽ ኒውክለሶች። ቢያንስ 50 ሕዋስ ይታያል፤ ከወላጆቹም እንዲሁ፤ ወላጁም ተመሳሳይ ጉድለት ካለው የዲቃላነት ማስረጃ አይሆንም።

አለመጣመር ግን ሁልጊዜ ሩቅ ዝምድናን አያሳይም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስንዴ 5ቢ በተባለው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ አንድ ተቆጣጣሪ ታወቀ፤ ተመሳሳይ ያልሆኑ ዘመዳማ ክሮሞዞሞች እንዳይጣመሩ ይከለክላል። ያ ሲወገድ ቀድሞ ነጠላ የነበሩት ይጣመራሉ።

ብናኙ መካን ከሆነ በቂ ነው?

አይበቃም። ሙቀት፣ የውኃ እጥረትና በሽታም ብናኝ ያመክናሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ብዙ የባህር ዛፍ፣ የኦክና የኦርኪድ ዲቃላዎች ዘር ይሰጣሉ። ምርመራው ግን ፈጣንና ርካሽ ስለሆነ ሁሌም ይሠራ። በ1969 የወጣው የአሌክሳንደር ማቅለሚያ ሙሉውን ብናኝ ቀይ ሐምራዊ፣ ባዶውን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ከተለያዩ አበቦች 300 እስከ 500 ብናኝ ይቆጠራል። የቀላ ብናኝ ሁሉ ይበቅላል ማለት አይደለም፤ ሕዋሱ ሙሉ ነው ማለት ብቻ ነው።

ማስረጃዎቹ ሲጋጩ ምን ይደረጋል?

መልኩ መካከለኛ፣ ቁጥሩ ግን እንደ እናቲቱ ከሆነ ሦስት መንገድ አለ። እናቲቱ ራሷ በመልክ ተለዋዋጭ ልትሆን ትችላለች፤ ዲቃላው ከእርሷ ጋር ተመልሶ የተዳቀለ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እንደ ቲሞሩ ቡና አንዱ ወላጅ የክሮሞዞም ቁጥሩ ያልተጋመሰ የዘር ሕዋስ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው ሚዮሲስ ነው። መልኩ የእናቲቱን ሆኖ ቁጥሩ የዲቃላ ከሆነ ግን ቁጥሩ ይታመናል፤ መልክ በአሸናፊ ባሕርይ ይሸፈናል።

ከዚህ በኋላም ጥርጣሬ ከቀረ ሌሎች መሣሪያዎች አሉ። ፍሎ ሳይቶሜትሪ ከቅጠል የተለቀቁ ኒውክለሶችን በፍሎረሰንት ቀለም አቅልሞ የዲኤንኤ መጠናቸውን በደቂቃዎች ይለካል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ችግኞችን ለማጣራት የሚተካከለው የለም፤ የሚለካው መጠን እንጂ ቁጥር ስላልሆነ ጥቂቶቹን በስር መቁጠር አይቀርም። ጊሽ የሚባለው ዘዴ የአንዱን ወላጅ ዲኤንኤ በቀለም ለይቶ በዲቃላው ክሮሞዞሞች ላይ ያጣብቃል፤ የሁለቱ ወላጆች ክሮሞዞሞች በአንድ ሕዋስ በሁለት ቀለም ተለይተው ይታያሉ። የዲኤንኤ ምልክቶች ደግሞ እያንዳንዱ ወላጅ ለብቻው ያለውን ቁራጭ በልጁ ውስጥ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ከተገኙ ልጅነቱ ይታወቃል። የወላጆቹ ቁጥርና ቅርጽ እኩል በሆነበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደዚህ ነው።

ውጤቱ ሲመዘገብ ከቁጥሩ ጎን ስንት ሕዋስና ስንት ስር እንደታየ፣ የትኛው ወላጅ እናት እንደነበር፣ ብናኙ መቼ እንደተደረገ ይጻፋል። ከዲቃላውም ከሁለቱም ወላጆች አበባና ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ ደርቆ በወረቀት ላይ ይለጠፋል፤ የሕዋሱ ፎቶ ከነመለኪያው ይያያዛል፤ ተክሉ ራሱ በሕይወት ይቆያል፣ ምክንያቱም ነገ የሚነሣው ጥያቄ ከእርሱ ሌላ ስር መቁረጥ ይፈልግ ይሆናል።